በባሕር ላይ ስለሚነሣ እሳትና ስለ አዳኞቹ ሥራ

በአገራችን ቤት በተቃጠለ ጊዜ ጎረቤት ሁሉ ውሃ በእንስራ ይዞ ይደርሳል፤ እሳቱ ከበረታም ሰው ልጁንና ከብቱን ይዞ ወደ ሜዳ ይሸሻል። በባሕር ላይ ግን የሚደርስ ጎረቤትም የሚሸሹበት ሜዳም የለም። ስለዚህ ለመርከብ እሳት ተለይተው የተማሩ ሰዎች ያስፈልጋሉ። ድፍረት ብቻውን እንደማይበቃ ሁለት መርከቦች ያስረዱናል።

ፊተኛዪቱ ኖርማንዲ የተባለችው ታላቅ የፈረንሳይ መርከብ ናት። የካቲት 2 ቀን 1934 ዓ.ም. በኒውዮርክ ወደብ ቆማ፥ የአሜሪካ መንግሥት ለወታደር ማመላለሻ ሲያሰናዳት፥ ከብረት መቍረጫ የወጣ ፍንጣሪ በተከመረ የነፍስ ማዳኛ ልብስ ላይ ወድቆ ተቀጣጠለ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ከየብስና ከጀልባ ብዙ ውሃ አፈሰሱባት። እሳቱ በረደ፤ ውሃው ግን በላይኛው ፎቅ ተከማችቶ ወደ አንድ ጎን አዘነበላት። የነደፋት ሊቅ ቭላዲሚር ዩርኬቪች ደርሶ፥ የታችኛው ክፍሏ በውሃ ተሞልቶ በወደቡ ወለል ላይ ቀጥ ብላ ትቀመጥ ብሎ መከረ፤ ምክሩን አልተቀበሉትም። ሌሊቱ ሳይነጋ ተገለበጠች። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ተባለ፥ ከእሳቱ ይልቅ ማጥፊያው አጠፋት።

ሁለተኛዪቱ ስካንዲኔቪያን ስታር ናት። መጋቢት 29 ቀን 1982 ዓ.ም. ሌሊት ከኖርዌይ ወደ ዴንማርክ መንገደኞች ጭና ስትሄድ ተቃጠለች፤ 159 ሰዎችም ሞቱ። የሚበዙትን የገደላቸው ነበልባሉ ሳይሆን መርዘኛው ጢስ ነው። መርከበኞቹ ለመርከቢቱ አዲሶች ነበሩ፤ የእሳት ልምምድም አላደረጉም፤ ከመንገደኞቹም ጋራ በቋንቋ በሚገባ አይግባቡም ነበር። ከስዊድን የመጡ የእሳት አደጋ ሠራተኞች በምትነደው መርከብ ላይ ወጥተው ከእሳቱ ጋራ ታገሉ።

ከእንዲህ ያለው መከራ የተማሩ መንግሥታት ልዩ ቡድኖችን አቆሙ። ለምሳሌ በጥቅምት 1991 ዓ.ም. ፓላስ የተባለች እንጨት የጫነች መርከብ ተቃጥላ በጀርመን ዳርቻ ከአሸዋ ላይ ተቀመጠች፤ ከእርስዋ የፈሰሰው ዘይትም ብዙ የባሕር ወፎችን ፈጀ። ከዚህ በኋላ ጀርመን በ1995 ዓ.ም. ትልልቅ የባሕር አደጋዎችን በአንድ እጅ የሚመራ መሥሪያ ቤት በኩክስሃቨን ከተማ አቆመች። በእርሱ ጥሪ ከባሕር ዳር ከተሞች የእሳት አደጋ ሠራተኞች የተመረጡ ቡድኖች በሄሊኮፕተር ወይም በመርከብ ይላካሉ፤ እኩሌቶቹ እሳት ያጠፋሉ፥ እኩሌቶቹም ከሐኪም ጋራ ቍስለኛ ይረዳሉ።

የሥራቸው ሥርዐት ከመርከብ ጠባይ የተነሣ ነው። የብረት ግድግዳ እንደ ምጣድ ይግላል፤ ነበልባሉ ሳያልፍ ሙቀቱ አልፎ በሚቀጥለው ክፍል ያለውን ዕቃ ያነዳል። ስለዚህ የሚነደውን ክፍል ከአራቱ ጎን፥ ከላይና ከታችም ይጠብቁታል፤ በሩንና የነፋስ መግቢያውን ዘግተው እሳቱን ትንፋሽ ያሳጡታል። አየር የተሞላ ዕቃ በጀርባቸው ተሸክመው በጢሱ ውስጥ ሰው ይፈልጋሉ። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ አንድ ቶን ያህል ይመዝናልና፥ ያፈሰሱትን ውሃ ቈጥረው መልሰው ያወጣሉ።

አስተማሪው ይህን በዐይን ያሳይ፦ ባዶ ቆርቆሮ በገበታ ውሃ ላይ ያንሳፍ፤ በውስጡ ጥቂት በጥቂት ውሃ ይጨምር፤ እንዴት እንደሚያዘነብል ተማሪዎቹ ይመልከቱ። ከዚያም፦ ዩርኬቪችን ሰምተውት ቢሆን ምን ይሆን ነበር? ብሎ ይጠይቃቸው። የአደጋ ቀን የሚሠራበት እንጂ የሚማሩበት ቀን አይደለም፤ የሚያውቀውንም ሰው መስማት ከሥራው አንዱ ክፍል ነው።