ማጀት የገባ አባት
(የጥናት ክፍል፦ ምሳሌ 31፤ ሆሴዕ 11)

በዚህ ጥናት የማነሣው እዚህ ኾባርና ደማም ብዙ እህቶች ያለንበትን ነገር ነው። እናት ልጇን ጡት አስጥላ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች፤ ባል አገር ቤት ልጆቹን ይዞ ይቀራል። ከዚያ የሰፈሩ ወሬ ይጀምራል፤ «ማጀት ገባ፣ የሚስቱን ላብ ይበላል» ይባላል።

ቃሉስ ምን ይላል? የምሳሌ 31 ሴት እርሻ ትገዛለች (ቁ. 16)፣ ልብስ ሠርታ ትሸጣለች (ቁ. 24)። ባሏ አላፈረባትም፤ እንዲያውም ያመሰግናታል (ቁ. 28)። እኔን ይበልጥ የሚነካኝ ግን ሆሴዕ 11፥3-4 ነው። እግዚአብሔር ሕዝቡን እንዴት እንዳሳደገ ሲናገር፣ ልጁን ይዞ ወፌ ቆመች እንደሚል፣ ጎንበስ ብሎ እንደሚያበላ አባት ነው የሚናገረው። ታዲያ ገንፎ ማጉረስ ለወንድ ውርደት ነው ያለው ማነው?

አገራችን ግን ገና ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ እንኳ ለወላድ እናት 120 ቀን ሲሰጥ ለአባት የሰጠው 3 ቀን ነው።

እህቴ፣ ስትደውዪ «ብሩ ደረሰ?» ብቻ አትበዪ። ሌሊት የትኛው ሲያለቅስ እንዳደረ ጠይቂው። የደሞዙንም ነገር አብራችሁ ወስኑ፤ ለእናትሽ የምትልኪውንም ይወቀው። የሁለት ዓመት ኮንትራት ጨርሰሽ ስትገቢ ሕፃኑ ካንቺ ሸሽቶ አባቱ ጉያ ሊገባ ይችላል። ያማል፣ አውቃለሁ። ባልሽን ግን አትቀየሚው፤ ደህና አድርጎ ስለያዘው ነው።

ለውይይት፦ የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ደርሶ፣ ደሞዝ ዘግይቶ ባል ቢበደር፣ ለሚስቱ ወዲያው ይንገራት ወይስ እንዳትጨነቅ ዝም ይበል?