ማንም የማይቀርበት መድረክ
አካል ጉዳተኞችና የቁምስናችን መንፈሳዊ ድራማ



ከጥቂት ዓመታት በፊት ወጣቶቻችን የዓይነ ስውሩን የበርጤሜዎስን ታሪክ በድራማ አቅርበው ነበር። በርጤሜዎስን ሆኖ የተጫወተው ወጣት ዓይኖቹ ደኅና ነበሩ። ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ ዱላ ይዞ፣ እየተደናበረ ሲገባ ተመልካቹ ሳቀ፤ እኛም ሳቅን። በሦስተኛው መደዳ ግን በየእሑዱ አብራን የምታስቀድስ አንዲት ዓይነ ስውር እኅት ተቀምጣ ነበር። እርሷ አልሳቀችም። ልምምዱ በተካሄደባቸው ሳምንታት ሁሉ እንድትሳተፍ የጠየቃት አንድም ሰው እንዳልነበረ ያስተዋልነው በኋላ ነው። የዛሬው ትምህርታችን ከዚህ ስሕተታችን የተወሰደ ነው።

፩. ጌታ አስቀድሞ ጠየቀ

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ከቁጥር 46 እስከ 52 የሚገኘውን ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን። ሁለት ነገሮችን ግን ብዙ ጊዜ ሳናስተውል እናልፋለን። አንደኛ፣ በርጤሜዎስን ወደ ጌታ እንዳይቀርብ ሊከለክለው የሞከረው ዓይነ ስውርነቱ ሳይሆን፣ ዝም እንዲል የገሠጸው ሕዝብ ነው። ሁለተኛ፣ ጌታ ችግሩን እያየ እንኳ ምን እንዲያደርግለት እንደሚፈልግ አስቀድሞ ጠየቀው፤ ፈቃዱን ከገዛ አንደበቱ ሰማ።

ቅዱስ ጳውሎስም በ1ኛ ቆሮንቶስ 12፥22 ደካሞች የሚመስሉት የአካል ክፍሎች ይልቁን የሚያስፈልጉ መሆናቸውን ያስተምረናል። ያስፈልጋሉ ማለት ሊታዘንላቸው ይገባል ማለት ብቻ አይደለም፤ ያለ እነርሱ አካሉ ጎደሎ ነው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ከቫቲካን የወጣው የትምህርተ ክርስቶስ መመሪያ አካል ጉዳተኞች ትምህርቱን ተቀባዮች ብቻ ሳይሆኑ ራሳቸው መምህራን ቢሆኑ መልካም መሆኑን ያመለክታል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 30 የጥበብ ችሎታቸው ለራሳቸው ብቻ ሳይሆን ኅብረተሰቡን ለማበልጸግ ጭምር እንዲያገለግል ይጠይቃል። እንግዲህ ጥያቄው «ምን እናድርግላቸው?» የሚል ብቻ ሳይሆን «ምን ይሰጡናል?» የሚልም ነው።

፪. ከታሪክ የምንማረው

እ.ኤ.አ. በ1223 ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ዘአሲዚ በግሬቾ መንደር የልደትን ሌሊት በግርግም፣ በድርቆሽ፣ በበሬና በአህያ ሲያሳይ የሠለጠኑ ተዋንያንን አልሰበሰበም፤ የመንደሩ ሰዎች ችቦና ሻማ ይዘው መጡ። ይህን ትዕይንት ያዘጋጀው ቅዱስ ከሦስት ዓመት በኋላ ሲያርፍ የዓይኖቹ ብርሃን ሊጠፋ ምንም አልቀረውም ነበር።

በአገራችንም ዜማውንና ቅኔውን በቃላቸው ይዘው ትውልድ ያስተማሩ ዓይነ ስውራን መምህራን ብዙዎች ናቸው። ደቀ መዝሙሩ «የኔታ» ብሎ ከእግራቸው ሥር ተቀምጦ ተምሯል። በቅርቡ ዘመንም፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በአዲስ አበባ የጎዳና ሕይወትን ያዩ ወጣቶች በ«አዱኛ» የማኅበረሰብ የዳንስ ትያትር ሥልጠና አገኙ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም በእንግሊዛዊው መምህር በአዳም ቤንጃሚን እገዛ አካል ጉዳተኞች ወጣቶች አብረዋቸው ሠሩ። ትናንት የተናቁት ዛሬ ሌላውን አስተማሩ።

፫. በቁምስናችን እንዴት እንጀምር?

ሀ) ከቤት እንጀምር። ብዙ ቤተሰብ ልጁን ከሰው ዓይን የሚሰውረው ጠልቶት ሳይሆን የሰው አፍ ፈርቶ ነው። በዮሐንስ 9፥3 ጌታ በሰውየውም ሆነ በወላጆቹ ኃጢአት እንዳላመካኘ በእርጋታ እናስረዳ። ወላጁንም ልጁንም እንጠይቅ፤ «አይሆንም» ቢሉንም እናክብር።

ለ) ቦታውን እናዘጋጅ። ደረጃ የሌለው አዳራሽ ወይም የቅጥር ግቢው ሜዳ ከፍ ካለ መድረክ ይሻላል። መጥተው የሚመለሱበት መንገድም አስቀድሞ ይታሰብበት።

ሐ) ልምምዱን ለሰው እናመቻች። ዓይነ ስውራን ቃሉን በጆሮ ያጥኑ፤ ዕቃዎቹን ይዳስሱ፤ ከበሩ እስከ ግርግሙ ያለውን እርምጃ ይቁጠሩ። መሬት ላይ የተዘረጋ ሰሌን ለእግራቸው ምልክት ይሆናል። መስማት ለተሳናቸው የመግቢያቸው ምልክት በእጅ ወይም በመብራት ይሰጥ፤ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚውም ከጥግ ሳይሆን ከተዋንያኑ አጠገብ፣ ፊቱና እጁ በሚታይበት ብርሃን ይቁም። የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው አጭርና የሚደጋገም ቃል፣ መግቢያቸውን የሚያስታውስ አንድ መዝሙር፣ አብሯቸው የሚገባ ጓደኛ ይዘጋጅላቸው፤ ልምምዱም አጭር ይሁን።

መ) ሚናውን በጉዳቱ አንመድብ። መራመድ የማይችለው ወንድማችን የሽባውን ሚና ብቻ ይያዝ አንበል። በዊልቸር የተቀመጠ እረኛ እረኛ ነው፤ በምልክት ቋንቋ የሚያበሥር ገብርኤልም መልአክ ነው።

ሠ) መድረኩን የልመና አደባባይ አናድርገው። ሰውን አሳይቶ በስሙ ገንዘብ መሰብሰብ ክብሩን መንካት ነው። በአዘኔታ ብቻም አናጨብጭብ፤ ሲሳሳቱ እንደማንኛውም ተዋናይ እናርማቸው። እርማትም የአክብሮት ምልክት ነውና።

«እንዲህ ከሆነ ድራማው ጊዜ ይፈጃል፤ ጥራቱም ይቀንሳል» የሚሉ አይጠፉም። ጊዜ መፍጀቱ እውነት ነው። ነገር ግን ያ በርጤሜዎስን ያሳየንበት ድራማችን አንድም ቃል አልተሳሳተም ነበር፤ የሳትነው ወንጌሉን ነው።

፬. የእኅታችን መልስ

በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ታሪክ ስናዘጋጅ ያችን እኅታችንን ሄደን ይቅርታ ጠየቅናት፤ በርጤሜዎስን መሆን ትፈልግ እንደሆነም ጠየቅን። እርሷ ግን የሕዝቡን ሚና መረጠች። «‹ዝም በል!› የሚሉትን ሰዎች ድምፅ ከሁላችሁም ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ» አለችን። በዕለቱም ያንን ቃል ስትናገር በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ የሳቀ ሰው አልነበረም።

እኛ እርሷን ልንረዳ ሄደን ነበር፤ ወንጌሉን ያስረዳችን ግን እርሷ ናት።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በቁምስናችን ከቤት የማይወጡ አካል ጉዳተኞች እነማን ናቸው? በመጨረሻ የጎበኘናቸውስ መቼ ነው?
2. በድራማችን፣ በመዘምራን ማኅበራችንና በትምህርተ ክርስቶስ ክፍላችን «ዝም በል» የሚለው ድምፅ በምን መልክ ይሰማል?
3. ለመጪው የልደት በዓል ድራማ ከልምምዱ በፊት ማንን እንጠይቅ? ማንስ ሄዶ ይጠይቅ?