የሱሉልታን ተማሪዎች ለኮሌጅና ለሥራ ስለ ማዘጋጀት

ልጅን ወደ ትምህርት ቤት መስደድ የመልካም አባት ሥራ ነው። ነገር ግን ትምህርት ቤቱ ብቻውን ልጁን ለኮሌጅና ለሥራ አዘጋጅቶ ያወጣዋል ብሎ መቀመጥ አይገባም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት ወደ 900,000 ከሚጠጉ ተማሪዎች ግማሽ ነጥብና ከዚያም በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ 3.2 ሆኑ። ከቀሩት አያሌዎቹ በየዩኒቨርሲቲው የአቅም ማሻሻያ ትምህርት ቢያገኙም፣ የሚበዙት ወደ ወላጆቻቸው ቤት ተመልሰዋል። እነዚህ ልጆች ምን ይሥሩ? የዚህ ጥያቄ መልስ ከመምህራን ብቻ ሳይሆን ከአስተዳዳሪውና ከባለ ሀብቱም የሚጠበቅ ነው።

፩ኛ. ስለ አገሩ ጠባይ

ሱሉልታ ከእንጦጦ በስተ ሰሜን፣ ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ደጋ ናት። ሜዳዋ ሣር የሞላበት ስለ ሆነ ሰዎቿ ላም በማርባት፣ ወተትና ድርቆሽም ለከተማ በመሸጥ የታወቁ ናቸው። ይሁን እንጂ ከተማው እየሰፋ በመሄዱ ብዙው ማሳ የቤትና የፋብሪካ ቦታ ሆኗል፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ሱሉልታ ከሰበታና ከቡራዩ ጋራ በሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃልላለች። ስለዚህ የዛሬው ልጅ የአባቱን ማሳ እወርሳለሁ ብሎ ሊተማመን አይችልም። ሊወርስ የሚችለው የወተትን ሥራ ዕውቀት ነው፤ ይህም በትምህርት ካልተደገፈ ከእጁ ይወጣል።

፪ኛ. ካለፈው ዘመን የምንማረው

በ1939 ዓ.ም. ገደማ የተባበሩት መንግሥታት የርዳታና የማቋቋሚያ ድርጅት 300 የፍሪዥያንና የብራውን ስዊስ ከብቶች ለአገራችን ሰጠ፤ የመንግሥት የወተት እርሻም በአዲስ አበባ ዳርቻ በሾላ ተቋቋመ። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሆነው የአምቦ እርሻ ትምህርት ቤትም የዚያው ዘመን ፍሬ ነው። ቀጥሎ በ1944 ዓ.ም. ከአሜሪካ የኦክላሆማ ኮሌጅ ጋራ በተደረገው ስምምነት የዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ ተመሠረተ። የኮሌጁ አሳብ ማስተማር፣ መመራመርና ለገበሬው ማዳረስ አንድ ሥራ ናቸው የሚል ነበር። እንግዲህ ትምህርት ከእርሻው የተለየ እንዳይሆን ማድረግ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም።

፫ኛ. በላም ቤት ውስጥ ስለሚገኘው ትምህርት

ሒሳብ፦ ተማሪው አንዲት ላም በየቀኑ የሰጠችውን ወተት፣ የበላችውን ድርቆሽና ፋጉሎ ከነዋጋው በመዝገብ ቢጽፍ፣ በወሩ መጨረሻ ትርፍና ኪሳራውን ራሱ ያወጣል።

ፊዚክስና ኬሚስትሪ፦ ንጹሕ ወተት ከውሃ በጥቂት ይከብዳል፤ የአንድ ሊትር ክብደት 1.03 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ውሃ የተጨመረበት እንደ ሆነ የወተት መመዘኛው ይህን ያስታውቃል። እኩል አልኮል ቢቀላቀልበት የሚረጋው ወተት መኮምጠጥ መጀመሩን ወይም ሌላ ጕድለት እንዳለበት ያሳያል።

ባዮሎጂ፦ ላም ያልጸነሰች እንደ ሆነ በ21 ቀን ገደማ ኰርማ ትፈልጋለች። ምልክቱ ጧት የታየባት በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ማታ የታየባት በማግሥቱ ጧት ልትዳቀል ይገባል። ይህን በዓይኑ ያየ ተማሪ ከመጽሐፉ ያነበበውን አይረሳም።

፬ኛ. ስለሚደረገው ስምምነት

ሀ. የወረዳው ሹም የወተት ማኅበራትን፣ የከብት ሕክምና ጣቢያዎችን፣ ላም ቤቶችንና ጋራዦችን በመዝገብ ይጻፍ።

ለ. ርእሰ መምህሩና ባለ ሥራው የጽሑፍ ውል ያድርጉ። በውሉም የተማሪዎቹ ቍጥር፣ የሚሄዱበት ቀንና ሰዓት፣ ኀላፊ የሚሆነውም ሰው ስም ይገለጽ።

ሐ. ተማሪ በነጻ የሚሠራ ሎሌ አይደለም። በአዋጅ ቍጥር 1156/2011 ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠር ክልክል ነው፤ ስለዚህ ታናናሾቹ ለማየትና ለመጻፍ ብቻ ይሂዱ።

መ. ተማሪው ያየውን በደብተር ይጻፍ፤ ባለ ሥራውና መምህሩም ይፈርሙበት። ይህ ደብተር ኋላ ሥራ በሚፈልግበት ጊዜ ምስክር ይሆነዋል።

ሠ. ከወረዳው ወጥተው በኮሌጅ የሚማሩ ልጆች በዕረፍት ጊዜ ተመልሰው ለታናናሾቻቸው የፈተናውንና የኮሌጁን ነገር ያስረዱ።

፭ኛ. ለሚነሣው ጥርጥር መልስ

ባለ ላሙ «በሽታ ያመጡብኛል» ብሎ ይፈራ ይሆናል። ፍርሃቱ እውነት አለው፤ ስለዚህ በአንድ ጊዜ ከአምስት የማይበልጡ ይግቡ፣ በበሩም ላይ ጫማቸውን በመድኀኒት ውሃ ይንከሩ። ወላጅ ደግሞ «ልጄን የላክሁት እረኛ እንዲሆን አይደለም» ይል ይሆናል። እርሱም የከብት ሐኪሙ፣ የወተት ፋብሪካው ባለሙያና የማኅበሩ ሒሳብ ሠራተኛ ሁሉ እንጀራቸው ከላሚቱ መሆኑን ይረዳ።

መሬት ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ በግቢው ያለው ላምና በራሱ ያለው ዕውቀት ግን የባለ ቤቱ ነው። በሳምንት አንድ ቀን በሩን ለተማሪ ቢከፍት ከሀብቱ የሚጎድልበት የለም። ነገ ላሙን የሚያክምለት፣ ወተቱንም የሚመረምርለት ከሩቅ አገር ሳይሆን ከጎረቤቱ ይመጣለታል። ሹሙም ይህን ውል ሳይውል ሳያድር እንዲያስጀምር ይገባዋል፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ የሚጠብቅበት ዘመን የለውምና።