ለማሳጅ ስንት ጉርሻ ይሰጣል?

እንደሚታወቀው ጉርሻ የሚለው ቃላችን ሁለት ነገር ይዟል። አንደኛው በገበታ ላይ ጠቅልለን በሌላው አፍ የምናደርገው ሲሆን ሁለተኛው ከሂሳብ በላይ ለሠራተኛው የምንተወው ገንዘብ ነው። የመጀመሪያውን ማንም በፐርሰንት አያሰላውም። ሁለተኛው ላይ ግን፣ በተለይ ለስፓ አዲስ የሆንን ሰዎች፣ «ስንት ልስጥ?» ብለን እንጨነቃለን።

እኔ ባደግኩበት በሞርሲቶ አካባቢ መታሸት ማለት ወጌሻ ጋ መሄድ ነው። እግር ወለም ሲል በቅቤ አሽተው ይመልሱታል። «አባባ፣ ስንት ነው?» ሲባሉ «እንደ አቅማችሁ» ይላሉ። እዚያ ዋጋውም ጉርሻውም አንድ ነው። ስፓ ውስጥ ግን ሁለቱ ተለያይተዋል፤ በመካከላቸው ደግሞ ሰርቪስ ቻርጅ የሚባል ሦስተኛ ነገር ገብቷል።

ለምሳሌ ያህል የማሳጁ ዋጋ 1000 ብር ነው እንበል። 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ ሲጨመር 1100፣ በዚህ ላይ 15 በመቶ ቫት ሲታሰብ 1265 ብር ይሆናል። ከዚህ ድምር ላይ 10 በመቶ ጉርሻ የሚያሰላ ሰው 126 ብር ከ50 ያወጣል። እንዴ፣ ለቫትም ጉርሻ ይሰጣል? መነሻው 1000 ብሩ መሆን አለበት።

ታዲያ ሰርቪስ ቻርጅ ተከፍሎ ጉርሻ ለምን ያስፈልጋል? መልሱ ገንዘቡ የት ደረሰ በሚለው ላይ ይወሰናል። በ1996 ዓ.ም የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 377ም ሆነ እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 53 ከደንበኞች የሚገኘውን የአገልግሎት ክፍያ ከደመወዝ አይቆጥሩትም። በመሆኑም የስንብት ክፍያ ሲሰላ አይገባም። ሠራተኛዋ በወር የምታገኘው ብዙ ቢመስልም የምትተማመንበት ደመወዝ ትንሽ ሊሆን ይችላል። አሜሪካ ውስጥ ይሄ ነገር ጥግ ደርሷል፤ በፌዴራል ሕግ ቀሪው በጉርሻ እስከተሟላ ድረስ አሠሪው በሰዓት 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ብቻ መክፈል ይችላል፤ ቁጥሩም ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አልተነካም። እዚያ ለማሳጅ ከ15 እስከ 20 በመቶ መስጠት የተለመደው ያለ ምክንያት አይደለም። በጃፓን ደግሞ ጉርሻ አይለመድም፤ ዋጋው ዋጋ ነው።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት ሰርቪስ ቻርጅ በሌለበት ከዋናው ዋጋ 10 በመቶ ይበቃል። ካለ ደግሞ «ይሄ ለእናንተ ይደርሳል?» ብሎ ራሷን ሠራተኛዋን መጠየቅ ነው፤ ነውር የለበትም። የሚደርሳት ከሆነ ተጨማሪው በፈቃድ ነው። ካልደረሳት 10 በመቶውን በእጇ መስጠት ይሻላል።

አንድ ነገር ግን በግልጽ መነገር አለበት። ጉርሻ ላለቀ ሥራ የሚሰጥ እንጂ ሌላ ነገር የሚገዛ አይደለም። ሥራው ሳይጀመር ዳጎስ ያለ ብር እያሳዩ ከማሳጅ ውጪ የሆነ ነገር የሚጠይቁ ደንበኞች አይጠፉም። ከመካከላችን ለተግባር ልምምድ ወደ ሐዋሳና ቢሾፍቱ ሪዞርቶች የሚወጡ እህቶች ብሩን መልሰው ለኃላፊ መንገር እንደሚችሉ ከወዲሁ ቢያውቁት ጥሩ ነው። ኃላፊውም «ደንበኛ ንጉሥ ነው» ብሎ ሊያልፈው አይገባም።

የጉርሻ ሣጥን ባለበት ቤት ደግሞ የተወሰነውን እዚያ መክተት አይከፋም። ፎጣውን የምታጥበውን ሴት ደንበኛ አያያትም፤ ከሣጥኑ ግን ድርሻ ይኖራታል።