የአሮጌው ጋራዥ ጣራ

የጅማ አገር ዝናም የበዛበት ነው። በዓመት የሚወርደው ወደ 1500 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ ይልቁንም ከሰኔ እስከ መስከረም ይበረታል። ቡናው በዚህ ዝናም ይለመልማል፤ አሮጌ ጣራ ግን በዚሁ ዝናም ይፈርሳል።

ጣልያኖች ከ1929 እስከ 1933 ዓ.ም. ጅማን ይዘው ሳሉ በከተማይቱ ቆርቆሮ የለበሱ ቤቶች ሠሩ። ከዚያም ወዲህ በጅማና በአጋሮ የቆርቆሮ ቤት እየበዛ ሄደ። ለካሚዮን ማደሪያ የተሠራ ጋራዥም ሲያረጅ አንዳንድ ጊዜ የቡና ማኖሪያ ይሆናል። በውስጡ የተከመረው ጀንፈል የአንድ ቤተ ሰብ የዓመት ድካም ነው። በደረቀ ቡና ውስጥ የሚቀረው እርጥበት ከመቶ 12 እጅ ያህል ነው፤ ጣራው አፍስሶበት ቢረጥብ ግን ይሻግታል፥ መዓዛውም ይጠፋል።

በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናም ቢወርድ 1 ሊትር ውኃ ይሆናል። እንግዲህ ርዝመቱ 10፥ ወርዱ 6 ሜትር በሆነ ጣራ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንም 1200 ሊትር ነው፤ ይኸውም ባለ 200 ሊትሩን በርሜል 6 ጊዜ ይሞላል። ይህን ለሚያህል ውኃ መንገድ ካልተበጀለት ራሱ መንገድ ያበጃል።

ሰነፍ ሰው ከጠብታው በታች ባልዲ አኑሮ ይተኛል። ብልህ ግን በበጋ መሰላል አቁሞ ጣራውን ይመረምራል። ውኃ በቆርቆሮው ሥር እንጨት እንጨቱን ይዞ ከሄደ በኋላ ስለሚንጠባጠብ፥ ቀዳዳው ከጠብታው ከፍ ብሎ ይፈለጋል። የላይኛው ቆርቆሮ በታችኛው ላይ ይደረባል። ምስማርም በቆርቆሮው ጕብታ ላይ እንጂ በስርጓዱ ላይ አይመታም፤ ውኃ የሚወርደው በስርጓዱ ነውና።

ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የአሸንዳው ነው። የዋንዛና የብሳና ቅጠል በውስጡ በስብሶ ይደፍነዋል፤ ውኃውም ሞልቶ ወደ ግድግዳው ይመለሳል፥ ምርጊቱን ያረግፋል፥ የቋሚውን እግር ያበሰብሳል። ስለዚህ አሸንዳው ከሰኔ በፊት ይጠረጋል፤ በክረምትም ደጋግሞ ይታያል። ወደ መውረጃው በኩል በየ2 ሜትሩ 1 ሣንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይታሠራል። ከታሠረም በኋላ ከራሱ ላይ ውኃ ይፈስበታል፤ ውኃው መካከል ላይ ቢቆም ሥራው ገና ነው።

የወረደው ውኃ ከግድግዳው ሥር እንዳይተኛ ቦይ ተቆፍሮ ይራቃል። ቦዩ ግን ወደ ጎረቤት ግቢ አይመራም፤ ከዳገቱ በታች ያለው ቤት የጭቃ ቤት ሊሆን ይችላል፥ በውስጡም ሕፃናት ይተኛሉ። ጆንያውም በእንጨት ርብራብ ላይ፥ ከግድግዳው ራቅ ብሎ ይደረደራል።