ኳሱ ለምን በሴንተሩ እጅ ማለፍ አለበት?

በአሜሪካ የዩኒቨርሲቲዎች የቅርጫት ኳስ ውድድር አንድ ቡድን አንድ ግዙፍ ተጫዋች ይዞ በመጀመሪያው ዙር ተሰናበተ። በተከታዩ ዓመት ያንኑ ተጫዋች ይዞ ለዋንጫ ጨዋታ ደረሰ። የተጫዋቹ ቁመት አልጨመረም፤ የቡድኑም አሠልጣኝ አልተቀየሩም። ታዲያ ልዩነቱን ያመጣው ምንድን ነው? መልሱን ለማግኘት ከቀላሉ ተነሥተን ወደ ከባዱ ደረጃ በደረጃ እንሂድ።

በመጀመሪያ ሜዳውንና ሕጉን እንመልከት። እያንዳንዱ ቡድን ሜዳ ላይ 5 ተጫዋቾች አሉት። ቅርጫቱ ከመሬት 3.05 ሜትር ከፍ ብሎ ተሰቅሏል። ከሥሩ ሌይን (ቀለም የተቀባው ክልል) የሚባል ቦታ አለ፤ በዩኒቨርሲቲዎች ውድድር ስፋቱ 3.66 ሜትር ነው። የሚያጠቃው ቡድን ተጫዋች በዚህ ክልል ውስጥ ከ3 ሰከንድ በላይ መቆም አይፈቀድለትም። ከቅርጫቱ 6.75 ሜትር ርቆ ደግሞ ቅስት ተሰምሯል። ከቅስቱ ውጭ ተወርውሮ የገባ ኳስ 3 ነጥብ፣ ከውስጥ የገባ 2 ነጥብ ያስገኛል። በወንዶቹ ውድድር አንድ ቡድን ኳስ ከያዘ በኋላ ሙከራ ለማድረግ ያለው ጊዜ 30 ሰከንድ ነው።

ሴንተር (የመሀል ተጫዋች) የምንለው ብዙውን ጊዜ ከአምስቱ ረጅሙ፣ ከቅርጫቱ አጠገብ የሚጫወተው ነው። ማጥቃትን በሴንተሩ በኩል ማካሄድ ሲባል ብዙ ሰው ሴንተሩ ኳሱን ሁሉ ራሱ ይወርውር ማለት ይመስለዋል። ትርጉሙ ግን ሌላ ነው። ኳሱ በእሱ እጅ ይለፍ፤ ተከላካዮቹም ኳሱ እሱ ጋ ሲደርስ አንድ ውሳኔ ለመወሰን ይገደዱ ማለት ነው። እግር ኳስ የሚከታተል አንባቢ ጀርባውን ለግቡ ሰጥቶ ኳስ የሚያቆመውን፣ ከዚያም ከኋላ እየሮጡ ለሚመጡት ጓደኞቹ የሚያቀብለውን አጥቂ ያስብ። የሴንተሩም ሥራ እንዲሁ ነው።

አሁን “ለምን?” ብለን እንጠይቅ። መልሱ በሒሳብ ይጀምራል። አንድ ሴንተር ቅርጫቱ ሥር 10 ጊዜ ሞክሮ 6ቱን ቢያገባ 12 ነጥብ ያገኛል፤ አንዱ ሙከራ በአማካይ 1.2 ነጥብ አስገኘ ማለት ነው። ሌላ ተጫዋች ከመካከለኛ ርቀት 10 ጊዜ ሞክሮ 4ቱን ቢያገባ 8 ነጥብ ነው፤ ለአንዱ ሙከራ 0.8 ይደርሰዋል። ሦስተኛው ተጫዋች ከቅስቱ ውጭ ሞክሮ ከ10 4ቱን ቢያገባ እንደገና 12 ነጥብ ይሆናል። ስለዚህ ብዙ ነጥብ የሚገኝባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ፦ አንዱ ቅርጫቱ ሥር ነው፤ ሌላው ከቅስቱ ውጭ ነው። ጥሩ ሴንተር ሁለቱንም ይከፍታል። የመጀመሪያውን በራሱ እጅ ይጠቀምበታል። ሁለተኛውን ደግሞ ተከላካዮችን ወደ ራሱ በመሳብ ለጓደኞቹ ያመቻችላቸዋል።

ከቅርጫቱ አጠገብ መጫወት ምን ያህል ኃይል እንዳለው የሕጉም ታሪክ ይመሰክራል። በ1940ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጆርጅ ማይከንና ቦብ ከርላንድ የሚባሉ ረጃጅም ሴንተሮች ወደ ቅርጫቱ እየወረደ ያለን ኳስ በእጃቸው እየመቱ ስላስቸገሩ ድርጊቱ በሕግ ተከለከለ። በኋላም ሌይኑ እንዲሰፋ ተደረገ። ከ1967 እስከ 1976 ደግሞ ኳስን ከላይ ወደ ቅርጫቱ መክተት በዩኒቨርሲቲዎች ውድድር ታግዶ ነበር፤ እገዳው የመጣው የዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ ሴንተር ሉ አልሲንዶር (በኋላ ካሪም አብዱልጀባር) በገነነበት ጊዜ ነው። ሕጉ ቢጠብቅም የቦታው ጥቅም አልጠፋም። በ1973 የዋንጫ ጨዋታ የዚያው ዩኒቨርሲቲ ሴንተር ቢል ዋልተን 22 ጊዜ ሞክሮ 21ዱን አገባ፤ 44 ነጥብም አስቆጠረ።

ሌላም ጥቅም አለ። ቅርጫቱ ሥር የሚጫወትን ሰው ያለ ፋውል (ጥፋት) ማስቆም ከባድ ነው። በዩኒቨርሲቲዎች ውድድር አንድ ተጫዋች 5 ጥፋት ከሠራ ከጨዋታው ይወጣል። በወንዶቹ ውድድር የአንድ ቡድን ጥፋት በአንድ አጋማሽ 7 ሲደርስ፣ ጥፋቱ በሙከራ ላይ ባይሠራም እንኳ፣ ተጋጣሚው ነፃ ውርወራ ያገኛል፤ የመጀመሪያውን ካገባ ሁለተኛውን ይጨምሩለታል። 10 ሲደርስ ሁለቱም ያለ ቅድመ ሁኔታ ይሰጡታል። ስለዚህ ኳሱ ቶሎ ቶሎ ወደ ሴንተሩ በገባ ቁጥር የተጋጣሚው ምርጥ ተከላካዮች ወደ ተቀያሪዎች ወንበር እየቀረቡ ይሄዳሉ።

ምክንያቱን ከተረዳን ወደ አፈጻጸሙ እንለፍ። የመጀመሪያው ደረጃ ቦታ መያዝ ነው። ሴንተሩ ኳስ ከመቀበሉ በፊት ሎው ፖስት (ከሌይኑ መስመር ውጭ፣ ለቅርጫቱ ቅርብ የሆነው ቦታ) ላይ መቆም አለበት። መስመሩን ረግጦ ወደ ውስጥ ከቆመ የ3 ሰከንዱ ሕግ ይይዘዋል፤ በጣም ከራቀ ደግሞ ቁመቱ ጥቅም ያጣል። እግሮቹን ከፈት፣ ጉልበቶቹን አጠፍ አድርጎ ተከላካዩን በጀርባው ይዘጋዋል፤ ተከላካዩ በሌለበት በኩል እጁን ዘርግቶ ኳስ ይጠይቃል። ይህን ለማድረግ ምርጡ ጊዜ ተጋጣሚው ገና ወደ መከላከያ ቦታው እየተመለሰ ሳለ ነው። ስለዚህ ሴንተሩ ከሁሉ ቀድሞ መሮጥን መልመድ አለበት።

ሁለተኛው ደረጃ ኳሱን ወደ እሱ ማድረስ ነው። ብዙ ቡድኖች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። አቀባዩ ከሜዳው መሀል በቀጥታ ለመስጠት ቢሞክር በመንገዱ ላይ ብዙ እጅ ይጠብቀዋል። ወደ ጎን ወጥቶ ሲቆም ግን የተሻለ ማዕዘን ያገኛል። ተከላካዩ ከሴንተሩ ፊት ቆሞ መንገዱን ከዘጋውስ? ያን ጊዜ ኳሱን በፍጥነት ወደ ሌላው ጎን ማዞር ይገባል። ኳሱ ሲዞር ማዕዘኑ ይለወጣል፤ ቀድሞ ከፊት የነበረው ተከላካይም ከኋላ ይቀራል። ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈልጋል። ኳሱ ሴንተሩ ጋ የሚደርሰው ከ30ው ሰከንድ 5 ብቻ ሲቀረው ከሆነ መልሶ ለማቀበል ፋታ ስለማይኖር ማጥቃቱ ወደ አንድ ሰው ትግል ይወርዳል።

ሦስተኛው ደረጃ ማንበብ ነው። ሴንተሩ ኳሱን ከያዘ በኋላ ለአፍታ ይታገሣል፤ ኳሱን ከአገጩ በታች ሳያወርድ ዙሪያውን ይመለከታል። ከፊቱ ሦስት ሁኔታዎች ሊገጥሙት ይችላሉ። አንድ ሰው ብቻ ከጠበቀው ዞሮ ይሞክራል። ኳሱን ያቀበለውን ሰው ይጠብቅ የነበረው ተከላካይ ትቶት ከመጣ መልሶ ለዚያው ለአቀባዩ ይሰጣል። ሁለተኛው ተከላካይ ከሌላው ጎን ከመጣ ደግሞ ነፃ የሆነው ሰው በዚያው ጎን ይገኛል። ደብል ቲም (ድርብ ጥበቃ) ሁልጊዜ አንድ ሰው ነፃ ይለቃል፤ አራት አጥቂዎችን የሚጠብቁት ሦስት ብቻ ይሆናሉና። የሴንተሩ ችሎታ የሚለካው ሁለተኛው ተከላካይ ሳይደርስበት ያንን ነፃ ሰው በማግኘቱ ነው።

አራተኛውና ዋናው ደረጃ የቀሩት አራት ተጫዋቾች አቋም ነው። እዚህ ላይ የዩኒቨርሲቲዎቹን ጨዋታ ከኤንቢኤ (የአሜሪካ ባለሙያዎች ሊግ) የሚለይ ሕግ አለ። በኤንቢኤ ማንንም በቅርብ የማይጠብቅ ተከላካይ በሌይኑ ውስጥ ከ3 ሰከንድ በላይ መቆም አይችልም። በዩኒቨርሲቲዎች ውድድር ግን የሚከለክለው የለም፤ ከፈለገ ሙሉውን ጊዜ ከሴንተሩ ጎን መቆም ይችላል። እንዲህ ያለውን ተከላካይ ከዚያ የሚያስወጣው ዳኛ ሳይሆን ከቅስቱ ውጭ የቆመ ጎበዝ ወርዋሪ ነው። ስለዚህ አንዱ በማዕዘን፣ ሁለተኛው ከሴንተሩ በተቃራኒው ጎን፣ ሦስተኛው በመሀል ላይ ተራርቀው ይቆማሉ። አራተኛው፣ ጠባቂው ዓይኑን ወደ ሴንተሩ በመለሰባት ቅጽበት፣ ከኋላው ወደ ቅርጫቱ ይሮጣል።

አሁን መግቢያው ላይ ወዳነሣነው ቡድን እንመለስ። ቡድኑ የኢንዲያናው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ አሠልጣኙ ማት ፔይንተር ይባላሉ። ሴንተሩ ከካናዳ ቶሮንቶ የመጣው ዛክ ኢዲ ሲሆን ቁመቱ 2.24 ሜትር ነው። በ2023 እና በ2024 በተከታታይ የአገሪቱ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተብሏል።

መጋቢት 2023 ላይ ፐርዱ በምድቡ አንደኛ ደረጃ ተሰጥቶት ከ16ኛው ፌርሌይ ዲኪንሰን ዩኒቨርሲቲ ጋር ተገናኘ። ተጋጣሚው በቁመት ከከፍተኛው ዲቪዚዮን ቡድኖች ሁሉ አጭሩ ነበር። ሆኖም አንዱን ተከላካይ ከኢዲ ፊት፣ ሌላውን ከኋላው አቁሞ 63 ለ 58 አሸነፈ። ኢዲ 21 ነጥብ አስቆጥሯል። ችግሩ የተከሰተው ሌላ ቦታ ነው፤ ፐርዱ ከቅስቱ ውጭ 26 ጊዜ ሞክሮ ያገባው 5 ብቻ ነበር። በሒሳባችን ስናስቀምጠው 26 ሙከራ 15 ነጥብ፣ ለአንዱ 0.6 እንኳ የማይሞላ ነው። ሴንተሩ ተከላካዮቹን ስቧል፤ ነፃ የሆኑት ጓደኞቹ ግን ዕድሉን አልተጠቀሙበትም።

በተከታዩ ዓመት ዋናዎቹ ተጫዋቾች አብረው ቆዩ። ኳስ አከፋፋዩ ብሬደን ስሚዝና ወርዋሪው ፍሌቸር ሎየር በአንድ ዓመት ልምድ በሰሉ፤ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ላንስ ጆንስ መጣ። ስሚዝና ኢዲ ፒክ ኤንድ ሮል (ሴንተሩ ተከላካዩን በአካሉ ከጋረደ በኋላ ወደ ቅርጫቱ የሚገባበት ስልት) በብዛት ተጫወቱ፤ በዚህም ኳሱ ወደ ሴንተሩ የሚገባበት ሁለተኛ መንገድ ተገኘ። በቀደመው ዓመት 32 በመቶ ገደማ የነበረው የቡድኑ የሦስት ነጥብ ውጤታማነት ከ40 በመቶ በላይ ሆነ። ከቅስቱ ውጭ ያሉት ተጫዋቾች ሲያስፈሩ ኢዲን ከብቦ መጠበቅ ዋጋ የሚያስከፍል ሆነ። ፐርዱን ከ1980 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ መጨረሻዎቹ አራት ባሻገረው፣ ከቴነሲ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገው ጨዋታ ኢዲ 40 ነጥብ አስቆጠረ። በዚያ ጨዋታ ብቻ 22 ነፃ ውርወራ ወርውሮ 14ቱን አግብቷል። ስለ ጥፋት ያነሣነው ነገር እዚህ ላይ በግልጽ ይታያል።

የዋንጫው ጨዋታ ደግሞ ሌላ ትምህርት ይዞ መጣ። ኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ 2.18 ሜትር የሚረዝም ዶኖቫን ክሊንገን የሚባል ሴንተር ነበረው። ስለዚህ ኢዲን ለአብዛኛው ጊዜ ለአንድ ሰው ብቻ ተዉለት፤ አራቱ ተከላካዮች ግን ከወርዋሪዎቹ አልተላቀቁም። ኢዲ 25 ጊዜ ሞክሮ 15ቱን አገባ፤ ይህ ለአንዱ ሙከራ ልክ 1.2 ነጥብ ነው። በነፃ ውርወራ ተጨምሮ 37 ነጥብ አስቆጠረ። የቀሩት የቡድኑ አባላት በድምሩ ያስቆጠሩት ግን 23 ነበር። ፐርዱ በሙሉው ጨዋታ ከቅስቱ ውጭ የሞከረው 7 ጊዜ ብቻ ሲሆን የገባው አንድ ነው። ውጤቱም 75 ለ 60 ሆነ።

ሁለቱን ሽንፈቶች ጎን ለጎን እናስቀምጥ። በ2023 ተከላካዮቹ ሴንተሩን ከበቡ፤ ከውጭ ያሉት ግን አላገቡም። በ2024 ሴንተሩን ለቀቁት፤ ከውጭ ያሉት መሞከሪያ አጡ። በሁለቱም ጊዜ ከሁለቱ የነጥብ ምንጮች አንዱ ደርቆ ነበር። ሴንተሩ በሁለቱም ቀን የራሱን ድርሻ ተወጥቷል፤ አንድ ሰው ብቻውን የሚያስቆጥረው ግን፣ ምንም ያህል ቢበዛ፣ የአምስት ሰው ማጥቃትን አይተካም።

ታዲያ የኮኔቲከትን ዓይነት መከላከያ የገጠመው አሠልጣኝ ምን ያድርግ? ወርዋሪዎቹ ባሉበት ከቆሙ ጠባቂዎቻቸውም በምቾት አብረዋቸው ይቆማሉ። ስለዚህ ሴንተሩ ኳስ ይዞ ሲታገል አራቱ ቦታ ይለዋወጡ፣ አንዱ ለሌላው ይጋርድለት። ወርዋሪውን ላለመልቀቅ ከአካሉ የተጣበቀ ጠባቂ ከኋላው ያለውን ቦታ ክፍት ይተዋል፤ ወርዋሪው በዚያ በኩል ወደ ቅርጫቱ ይሩጥ። ሴንተሩም አልፎ አልፎ ከቅርጫቱ ርቆ ይውጣና ኳሱን በእጁ ለሚያልፈው ጓደኛው እያስረከበ በዚያው ይጋርድለት። ያን ጊዜ የተጋጣሚው ረጅም ተከላካይ ከሚወደው ቦታ ይወጣል።

ለልምምድም አንድ ምክር ልስጥ። ከጨዋታ በኋላ ሴንተሩ ስንት ነጥብ አስቆጠረ ብሎ መቁጠር ብቻውን አይበቃም። ኳሱ ስንት ጊዜ በእጁ ገባ? ከገባስ በኋላ ቡድኑ፣ ማንም ያስቆጥረው ማን፣ ስንት ነጥብ አገኘ? እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ተመዝግበው ለተጫዋቾቹ ሁሉ ይነገሩ። ወርዋሪው የሴንተሩ ኳስ የእሱም ኳስ መሆኑን በቁጥር ሲያይ ቆሞ ከመመልከት ይልቅ ይሮጣል፣ ይጋርዳል፣ ለመቀበል ይዘጋጃል። ረጅም ሴንተር ማግኘት ዕድል ነው፤ በእሱ በኩል ማጥቃት ግን አምስቱም ተጫዋቾች አብረው የሚማሩት ሥራ ነው።