የእግር ማበጥ ሁሉ አንድ አይደለም



እሁድ እሁድ በሰንበቴ ገበያ የደጋውና የቆላው ሰው ይገናኛል። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል እግሯ የወፈረባት ሴት ስታልፍ ብዙ ጊዜ የሚሰጣት ስም አንድ ነው፤ «ዝሆኔ ይዟታል» ይባላል። ወደ ክሊኒክ ከሚመጡት እናቶች ደግሞ አንዳንዶቹ «ያሳበጠኝ የወሊድ መቆጣጠሪያው መርፌ ነው» ብለው ያቋርጡታል። ሁለቱም አባባሎች ሳይመረመሩ ከታመኑ ጉዳት ያመጣሉ። ስለዚህ በዛሬው ትምህርታችን ብዙም ስለማይታወቀው ሊፔዴማ ስለተባለው ሕመምና ከሌሎች የእግር እብጠቶች ስለሚለይበት መንገድ እንነግራችኋለን።

ሊፔዴማ ምንድን ነው?

ሊፔዴማ ከቆዳ ሥር ያለው ስብ ከዳሌ እስከ ቁርጭምጭሚት፣ አንዳንድ ጊዜም በክንድ ላይ፣ ከልክ በላይ የሚከማችበት ሕመም ነው። የሚይዘው ከሞላ ጎደል ሴቶችን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 አለንና ሃይንስ የተባሉ የአሜሪካ ማዮ ክሊኒክ ሐኪሞች ስም ሰጥተው ገለጹት። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች መዝገብ ውስጥ አስፍሮታል።

ሕመሙ በእናት፣ በአክስትና በእህት ላይ ይደጋገማል። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ወይም የሚብሰው የሴት ሆርሞን በሚለዋወጥበት ጊዜ ነው፤ ይኸውም ልጃገረድ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ፣ በእርግዝና ወቅትና የወር አበባ ሲቋረጥ ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። እርግማንም፣ የስንፍና ወይም የሆዳምነት ውጤትም አይደለም።

እንዴት ይታወቃል?

1. ሁለቱም እግሮች በተመሳሳይ ሁኔታ ይወፍራሉ።
2. የእግር መዳፍና ጣቶች አይወፍሩም። ውፍረቱ ቁርጭምጭሚት ላይ ሲደርስ አልቦ እንደታሰረበት ያህል ይቆማል።
3. እግሩ ሲነካ ያማል፤ በትንሽ ግጭትም ይበልዛል።
4. ሴትየዋ በጾም ወይም ምግብ በመቀነስ ፊቷና ወገቧ ቢከሳም የእግሯ ውፍረት እምብዛም አይቀንስም።
5. በጣት ሲጫኑት ብዙውን ጊዜ ጎድጉዶ አይቀርም።

ዝሆኔስ?

በአገራችን ደጋማ አካባቢዎች የሚታየው ዝሆኔ የሚጀምረው ከእግር መዳፍና ከጣቶች ነው። ቆዳው ይወፍራል፣ ይሻክራል። የእግር ሁለተኛ ጣት ቆዳን ቆንጥጦ ማንሳት ካስቸገረ ወደ ዝሆኔ ያደላል፤ በሊፔዴማ ግን ቆዳው በቀላሉ ይነሳል። በኢትዮጵያ ያገለገለው እንግሊዛዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ይህ ዓይነቱ ዝሆኔ በቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ ጋር የተያያዘ መሆኑን በጥናቱ አሳይቷል። እግርን በየቀኑ በሳሙና ማጠብ፣ በደንብ ማድረቅ፣ ቆዳውን ቅባት መቀባት፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ሕመሙን ይቀንሳል።

ቀጠሮ የማይሰጣቸው ምልክቶች

የሚከተሉት ከታዩ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂዱ፦

• አንድ እግር ብቻ በድንገት አብጦ ባቱ ቢያምና ቢሞቅ፦ በደም ሥር ውስጥ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። በተለይ ነፍሰ ጡሮችና አራሶች ይጠንቀቁ። እግሩ አይታሽ። ትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ውጋት ከተጨመረበት ለሕይወት ያሰጋል።
• ነፍሰ ጡር ሴት ፊቷና እጆቿ አብጠው ከባድ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ቢሰማት፦ ከእርግዝና ጋር የሚመጣ የደም ግፊት ሊሆን ይችላል።
• እብጠቱ ሲጫኑት ጎድጉዶ ከቀረና የትንፋሽ ማጠር ካለ፦ ልብ፣ ኩላሊትና ጉበት መመርመር አለባቸው።

ሕክምናው

ሊፔዴማን ጨርሶ የሚያጠፋ መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም። ሆኖም ሥቃዩን መቀነስና እንዳይብስ መርዳት ይቻላል። በባለሙያ ተለክቶ የሚታዘዝ ጠበቅ ያለ የላስቲክ ካልሲ ሕመሙን ያስታግሣል። በየቀኑ በእግር መሄድና እንደልብ መንቀሳቀስ ይጠቅማል። ተጨማሪ ውፍረት ጉልበትን ስለሚጎዳ በአመጋገብ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በበለጸጉ አገሮች ስቡን በቀዶ ሕክምና መጥጦ የማውጣት ዘዴም አለ። የሚያሸኑ ክኒኖች ግን ስብን አያስወግዱም፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰዱ። እግርን መብጣትና ዋግምት ቁስልና ምርቀዛ ያስከትላሉ።

የወሊድ መቆጣጠሪያን በሚመለከት

መርፌው በአንዳንድ ሴቶች ላይ ክብደት ሊጨምር ይችላል። ጭማሪው ግን ብዙውን ጊዜ በመላ ሰውነት ላይ የሚታይ ነው። እግሮች ብቻ ወፍረው ወገብ ከቀጠነ ሌላ ምክንያት ይፈለግ። በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ግን ችግሩን ሊያብስ ይችላል። እግሬ አበጠ ብላ መርፌውን የተወች ሴት ሳታስበው ብታረግዝ፣ እርግዝናው ራሱ ሊፔዴማውን ሊያባብሰው ይችላል።

ሊፔዴማ ያለባት ሴት ቤተሰቧን መመጠን ትችላለች። የያዘችው ዘዴ ካልተስማማት ሆርሞን የሌለበት ሉፕ ወይም ኮንዶም አለ። ከዚህ ቀደም በደም ሥሯ ውስጥ ደም ረግቶ ያውቅ የነበረች ሴት ግን ሁለት ሆርሞን ያለበትን እንክብል መጠቀም የለባትም፤ ይህን ለባለሙያው ሳትደብቅ ትንገር። አዲሱ ዘዴ እስኪጀመር ድረስ ክፍተት እንዳይፈጠር ኮንዶም ተጠቀሙ።

ለባሎች

የሚስትህን እግር ከማንም አስቀድመህ የምታየው አንተ ነህ። ሰፊ ቀሚስ ከጎረቤት ይሸፍናል፤ ከአንተ ግን አይሸፍንም። «ወፈርሽ፣ ምግብ ቀንሺ» የሚል ቃል፣ ራሷን እያስራበች ሕመሟ ላልቀነሰላት ሴት ሌላ ቁስል ነው። ይልቁንስ ሲነካ ያማት እንደሆነ ጠይቃት። ውፍረቱ መቼ እንደጀመረና በእናቷ ላይ ታይቶ እንደሆነ አብራችሁ አስታውሱ። ከዚያም ወደ ክሊኒክ ስትመጣ አብረሃት ና። ለባለሙያው የምትነግሩት ይህ ታሪክ ለምርመራው ትልቅ እገዛ ነው።